ባይካርቦኔት 18 ሆኖ ሲገኝ፦ አልካላይን ውሃ የኩላሊትን ሥራ ሊያግዝ ይችላል?

ጤና ይስጥልኝ። የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜዎ 58፣ ክብደትዎ 70 ኪሎ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል። በቅርቡ በተደረገልዎ የደም ምርመራ ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማች ቆሻሻ) 2.1፣ ሶዲየም 139፣ ክሎራይድ 111፣ ባይካርቦኔት (በደም ውስጥ አሲድን የሚያጠፋው ንጥረ ነገር) ደግሞ 18 ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪምዎም ደምዎ ወደ አሲድነት ማዘንበሉን ነግረው የሶዲየም ባይካርቦኔት እንክብል አዘዙልዎ። ይህን የሰሙ ዘመድዎ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 9 የሆነ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ፣ ውሃ በቀን ሁለት ሊትር ከጠጡ እንክብሉ እንደማያስፈልግዎ መከሩዎት። ውሃውን ከጀመሩ ወዲህ ሽንትዎን በመመርመሪያ ወረቀት ሲለኩ ቀለሙ ተለውጧል። ስለዚህ ውሃው እንክብሉን ይተካ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

አይተካም። የታዘዘልዎትን እንክብል ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ላስረዳዎ እወዳለሁ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ነገ ሌላ ጠርሙስ ወይም ሌላ ዱቄት ሲቀርብለት ራሱ መዝኖ መፍረድ ይችላልና። ከዚህም በተጨማሪ ባይካርቦኔት 18 መሆኑ ብቻውን ስለ ደምዎ አሲድነት የመጨረሻውን ቃል አይናገርም፤ ይህም በጥያቄዎ ያላነሱት፣ ነገር ግን ከውሃው ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ የደም አሲድነት ስንል ምን እንደምንለካ እንይ። ንጹሕ ውሃ ራሱ በጥቂቱ ይከፋፈላል፤ ከሞለኪውሎቹ መካከል እጅግ ጥቂቶቹ ወደ ሃይድሮጂን አዮንና ወደ ሃይድሮክሳይድ አዮን (አዮን የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ነው) ይለያያሉ፣ መልሰውም ይዋሃዳሉ። የሃይድሮጂን አዮኑ ክምችት ሲጨምር ፈሳሹ ወደ አሲድነት፣ ሲቀንስ ወደ አልካላይንነት ይሄዳል። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ይህንኑ ክምችት በአሥር እጥፍ ደረጃዎች የሚገልጽ ሲሆን፣ በ1909 ያስተዋወቀው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበዛል፤ በአንድ ነጥብ ሲወርድም የሃይድሮጂን አዮኑ ክምችት አሥር እጥፍ አድጓል ማለት ነው።

ከደም ቅዳ ቧንቧ የተቀዳ የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህም በአንድ ሊትር 40 ናኖሞል ገደማ (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሃይድሮጂን አዮን አለ ማለት ነው። የሶዲየምዎ ልክ 139 ሚሊሞል መሆኑን ያስታውሱ፤ አንድ ሚሊሞል አንድ ሚሊዮን ናኖሞል ስለሆነ በደምዎ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሃይድሮጂን አዮን ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሶዲየም አዮኖች አሉ። ይህን ያህል ጥቂት የሆነው ነገር በዚህ ጥንቃቄ የሚጠበቀው ሃይድሮጂን አዮን ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ የኤሌክትሪክ ሙላቸውን፣ በሙላቸውም ቅርጻቸውን ስለሚለውጥ ነው። ቅርጹ የተለወጠ ኢንዛይም ሥራው ይዳከማል፤ የልብ ጡንቻ ኮማተሩ፣ ነርቭ መልእክት ማስተላለፉ፣ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መያዝና መልቀቁ ሁሉ በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፒኤች 7 ገለልተኛ የሚሆነው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ገለልተኛው ነጥብ ወደ 6.8 ይወርዳል። ስለዚህ ደም ምንጊዜም ከገለልተኛው ነጥብ በአልካላይን በኩል ነው ያለው። ሐኪም «ደምዎ አሲዳማ ሆኗል» ሲል ከተለመደው ቦታው ወደ አሲድ አቅጣጫ ፈቀቅ ብሏል ማለቱ እንጂ እንደ ሎሚ ጭማቂ ሆኗል ማለቱ አይደለም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ፒኤቹ 9 በሆነ ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሳይድ አዮን በሊትር 0.01 ሚሊሞል ብቻ ነው። ሁለት ሊትር ሲጠጡ የሚያገኙት 0.02 ሚሊሞል ይሆናል። ሰውነትዎ ደግሞ ከምግብ፣ በተለይም ድኝ ካለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች፣ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት አንድ ሚሊሞል ገደማ በትንፋሽ የማይወጣ አሲድ ያመነጫል፤ በእርስዎ ክብደት 70 ሚሊሞል መሆኑ ነው። ሁለቱን ስናነጻጽር የውሃው ድርሻ ከየዕለቱ አሲድ 3,500ኛ እጅ ነው። በሌላ በኩል አንድ 500 ሚሊግራም የሶዲየም ባይካርቦኔት እንክብል 6 ሚሊሞል አልካሊ፣ ማለትም አሲድን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር፣ ይዟል። ይህን ያህል ከውሃው ለማግኘት 600 ሊትር መጠጣት ያስፈልግ ነበር።

ፒኤች የሚነግረን በዚያች ቅጽበት በነጻነት የሚንሳፈፈውን ሃይድሮጂን አዮን ብቻ ነው፤ ፈሳሹ ስንት አሲድ መዋጥ እንደሚችል አይነግረንም። ይህ ሁለተኛው ነገር የአልካሊነት አቅም ሲሆን የሚወሰነውም በውሃው ውስጥ በሟሟው የባይካርቦኔትና የካርቦኔት መጠን ነው። በሊትር 610 ሚሊግራም ባይካርቦኔት የያዘ የተፈጥሮ የማዕድን ውሃ 10 ሚሊሞል አልካሊ ይሰጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሟሟበት ግን ፒኤቹ ከ7 በታች ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በፒኤች መለኪያ አሲዳማ የሆነው ውሃ ለሰውነት አልካሊ ሲሰጥ፣ ፒኤች 9 የሚል የተጻፈበት ደግሞ ከቁጥር የሚገባ ምንም ላይሰጥ ይችላል። በጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፒኤች ትተው በትንንሽ ፊደል ከተዘረዘሩት ማዕድናት መካከል የባይካርቦኔቱንና የሶዲየሙን ሚሊግራም ይፈልጉ።

ብዙዎች አልካላይን ውሃን ሲነቅፉ «የጨጓራ አሲድ ያጠፋዋል» ይላሉ። ድምዳሜያቸው ትክክል ቢሆንም ምክንያታቸው ጎዶሎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብንሄድ የሐኪምዎ እንክብልም በጨጓራ ጠፍቶ ይቀር ነበርና። እንክብሉ በጨጓራ አሲድ ሲገለል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በግሳት ይወጣል፤ ነገር ግን የጨጓራ ሕዋሳት ለሚያመነጩት ለእያንዳንዱ ሃይድሮጂን አዮን አንድ ባይካርቦኔት ወደ ደም ይመልሳሉ። በወትሮው ይህ ባይካርቦኔት፣ የጨጓራው አሲድ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ቆሽት በምታፈሰው ባይካርቦኔት ይካካሳል። አሲዱ አስቀድሞ በእንክብሉ ከተገለለ ግን ቆሽት የምታወጣው ያንሳል፤ ትርፉም በደም ውስጥ ይቀራል። ለውሃውም ሕጉ ያው ነው፤ ችግሩ መጠኑ ነው። 0.02 ሚሊሞሉን ለማጥፋት ፒኤቹ 1.5 ከሆነ የጨጓራ ፈሳሽ ከአንድ ሚሊሊትር ያነሰ ይበቃል።

የሽንትዎ ወረቀት ቀለም መቀየሩስ? የሽንት ፒኤች ከ4.5 እስከ 8 ድረስ በሰፊው ይዋዥቃል፤ ከምግብ በኋላ፣ ሌሊትና ጠዋት፣ ናሙናው ጥቂት ሲቆይም ይለዋወጣል። ውሃው በውስጡ ባይካርቦኔት ካለውም ትርፉ በሽንት ሲወጣ ወረቀቱን ሊቀይረው ይችላል። ነገር ግን ሽንት ኩላሊት ያስወገደው ነገር ስለሆነ የእርሱ ፒኤች የደምን ፒኤች አያሳይም፤ እንዲያውም ከታች እንደምናየው ሽንት ተሸክሞ የሚያወጣውን የአሲድ መጠን እንኳ በትክክል አያሳይም። ወረቀቱን ለዚህ ጉዳይ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ታዲያ የደምን ፒኤች የሚይዘው ማን ነው? በቅድሚያ ሳንባ፣ ከዚያም ኩላሊት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ደግሞ አንድ ቀላል የኬሚስትሪ ግንኙነት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ካርቦኒክ አሲዱም ወደ ሃይድሮጂን አዮንና ባይካርቦኔት ይለያያል፤ ሂደቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይህን የሚያፋጥነው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም በመካከሉ አንድ የዚንክ አተም ይዞ በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ ሞለኪውሎች ሥራውን ይሠራል። ሕዋሳታችን ስኳርና ስብ ሲያቃጥሉ በቀን ወደ 15,000 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫሉ። ይህ ሁሉ አሲድ የመሆን አቅም ያለው ጋዝ ነው፤ በየደቂቃው በትንፋሽ ባይወጣ ኖሮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደማችን ይለወጥ ነበር።

የደም ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔትና በሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መካከል ባለው ጥምርታ ነው። በጤነኛ ሰው ባይካርቦኔት 24 ሚሊሞል ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በ0.03 ሲባዛ የሟሟው መጠን 1.2 ሚሊሞል ይሆናል። 24ን ለ1.2 ስናካፍል 20 እናገኛለን። የ20 ሎጋሪዝም 1.3 ነው፤ የካርቦኒክ አሲድ መለያ ቁጥር (አሲዱ በግማሽ የሚለያይበት ፒኤች) በሆነው በ6.1 ላይ ሲደመር 7.4 ይሰጠናል። ስሌቱ የአሜሪካዊው የሎውረንስ ሄንደርሰንና የዴንማርካዊው የካርል ሃሰልባልክ ስም የተሰጠው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በየጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በየቀኑ የሚሠራበት ነው።

የኬሚስትሪ ተማሪ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ያነሳል። አንድ ባፈር (የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ውህድ) በደንብ የሚሠራው ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ ነው፤ 6.1 ደግሞ ከ7.4 ይርቃል። ታዲያ ይህ ደካማ ባፈር እንዴት የሰውነት ዋና ጠባቂ ሆነ? መልሱን በቁጥር እንየው። በአንድ ሊትር ደም ላይ 12 ሚሊሞል ጠንካራ አሲድ ጨመርን እንበል። ባይካርቦኔቱ ከ24 ወደ 12 ይወርዳል፤ 12 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈጠራል። ፈሳሹ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ቢሆን የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 13.2 ይሆናል፣ ጥምርታው ከአንድ በታች ይወርዳል፣ ፒኤቹም 6.1 ገደማ ደርሶ ሕይወት ያከትማል። ሰውነት ግን የተዘጋ ዕቃ አይደለም። ሳንባ አዲስ የተፈጠረውን ጋዝ አስወጥቶ 1.2 ላይ ሲያቆየው ጥምርታው 10፣ ፒኤቹም 7.1 ይሆናል። በዚህም አያበቃም፤ በአንጎል ግንድና በአንገት ደም ሥሮች ያሉ ጠቋሚዎች አሲዱን አውቀው ትንፋሽን ያፋጥኑታል፣ ጥልቅም ያደርጉታል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ወደ 26 ሲወርድ ጥምርታው 15 ተኩል ገደማ፣ ፒኤቹ 7.29 ይሆናል። ከ6.1 እስከ 7.29 ያለው ልዩነት ሁሉ የመጣው ጋዙ መውጫ በማግኘቱ ነው። እኔ ይህን ስሌት ለተማሪዎች ሁልጊዜ በእጃቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ፤ በሰው አካል ውስጥ ካሉት አሠራሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የሚደንቀኝ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ፒኤች የሁለት ነገሮች ጥምርታ ከሆነ፣ አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ላይ ይጥላል። ይህ በታሪክ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በብሌግዳም ሆስፒታል የመተንፈሻ ጡንቻቸው የተሽመደመደባቸው ሕሙማን ይሞቱ ነበር። በደማቸው ውስጥ የተለካው አጠቃላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ አብዛኛው ባይካርቦኔት የሆነው ማለት ነው፣ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሞቹ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም አልካላይንነት ነው ብለው አሰቡ። የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ አየር ማስወጣት ስላቃታቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተጠራቀመባቸው፣ ደማቸውም አሲዳማ እንጂ አልካላይን እንዳልሆነ ተከራከረ። በአንገታቸው በኩል ቱቦ ገብቶላቸው በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት እንዲተነፍሱ ተደረገ፤ የሕክምና ተማሪዎችም በፈረቃ ቀንና ሌሊት ከረጢቱን ይጨምቁ ነበር። የሟቾች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ኃላፊ ፖል አስትሩፕም ፒኤችን በቀጥታ በመለካት የኢብሰንን ሐሳብ አረጋገጠ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ግፊት ከፒኤች ተነሥቶ የማስላቱ ዘዴም ከዚያ ወዲህ አደገ። የዛሬው የደም ጋዝ ምርመራ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ይህን ወደ እርስዎ ቁጥር እናምጣው። ባይካርቦኔትዎ 18 የሆነው አሲድ ተከማችቶ ከሆነ ሳንባዎ በትንፋሽ ለማካካስ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግፊት ወደ 35 ገደማ ያወርደዋል ተብሎ ይጠበቃል። በስሌቱ ስናስገባው ፒኤች 7.33 ይወጣል፤ ይህ መለስተኛ አሲዶሲስ (የደም አሲዳማነት) ነው። ነገር ግን በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በእርግዝና፣ በሥር በሰደደ የጉበት ሕመም ወይም በጣም ከፍ ባለ ቦታ በመኖር፣ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የሚተነፍስ ሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ወደ 25 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ኩላሊት ሚዛኑን ለመመለስ ሆን ብሎ ባይካርቦኔትን ወደ 18 ይቀንሳል፤ ክሎራይድም በምትኩ ከፍ ይላል። የዚህ ሰው ፒኤች ሲሰላ 7.48 ነው። ባይካርቦኔቱ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት፣ ክሎራይዱም የሚመሳሰል ሆኖ ደሙ ግን አልካላይን ነው። ለዚህ ሰው እንክብሉን መስጠት ሕመሙን ያባብሳል እንጂ አይረዳውም። ክሬቲኒንዎ 2.1 ስለሆነ ምክንያቱ ኩላሊት ነው ቢባል እጅግ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም የደም ጋዝ ምርመራ ተሠርቶልዎት እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሌላም ከቁጥሮችዎ የሚነበብ ነገር አለ። ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔትን ስንቀንስ፣ 139 ሲቀነስ 129፣ 10 ይቀራል። ይህ የአኒዮን (አሉታዊ ሙል ያለው አዮን) ክፍተት የሚባለው ሲሆን በአብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ከ8 እስከ 12 ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል። በስኳር ሕመም ምክንያት ኬቶን ሲከማች፣ በደም ዝውውር ጉድለት ላክቲክ አሲድ ሲበዛ ወይም ሜታኖል ሲመርዝ ክፍተቱ ይሰፋል። የእርስዎ አለመስፋቱ ደግ ነገር ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ዝቅ ካለ ግን ክፍተቱ በሐሰት ጠባብ መስሎ ሊታይ ስለሚችል አልቡሚኑም አብሮ ይታይ። ክፍተቱ ሳይሰፋ ባይካርቦኔት የሚወርደው ከብርቱ ተቅማጥ የተነሣ ወይም ኩላሊት አሲድ ማስወጣት ሲያቅተው ነው። በነገራችን ላይ የናሙናው ቱቦ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ወይም በደንብ ካልሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚተን ባይካርቦኔት ከእውነተኛው በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚዘልቅ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ምርመራውን አንድ ጊዜ መድገም ተገቢ ነው።

ኩላሊት ከአሲድ ጋር የሚያደርገው ትግል ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ያለውን አለማባከን ነው። በጤነኛ ሰው በቀን 180 ሊትር ፈሳሽ በኩላሊት ይጣራል፤ ከእርሱም ጋር ከ4,300 ሚሊሞል በላይ ባይካርቦኔት ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ አብዛኛውም በመጀመሪያው የኩላሊት ቱቦ ክፍል፣ ወደ ደም ይመለሳል። ሁለተኛው ደረጃ ግን የበለጠ የሚከብድ ነው፤ በየቀኑ የሚመጣውን 70 ሚሊሞል አሲድ ማውጣት። ሽንት አሲዳማ ሊሆን የሚችለው ቢበዛ እስከ ፒኤች 4.5 ነው፤ በዚያ ፒኤች በሊትር ያለው ነጻ ሃይድሮጂን አዮን 0.03 ሚሊሞል ብቻ ስለሆነ 70 ሚሊሞሉን በነጻነቱ ለማስወጣት በቀን ከ2,000 ሊትር በላይ ሽንት ባስፈለገ ነበር። ስለዚህ አሲዱ ተሸካሚ ያስፈልገዋል።

አንዱ ተሸካሚ ፎስፌት ነው፤ መጠኑ ግን በምግብ የተወሰነ ነው። ዋናው ተሸካሚ አሞኒያ ነው። የኩላሊት ሕዋሳት ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰባብረው አሞኒየም ይሠራሉ፤ አሞኒየሙ በሽንት ሲወጣ በምትኩ አዲስ ባይካርቦኔት ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ኩላሊት በዚህ መንገድ በቀን 30 ወይም 40 ሚሊሞል ያወጣል፤ አሲድ ሲበዛበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ምርቱን ወደ 200 እና ከዚያም በላይ ማሳደግ ይችላል። የደከመ ኩላሊት ያጣው ይህን ነው። የቀሩት ማጣሪያዎች እያንዳንዳቸው አብዝተው ቢሠሩም ቁጥራቸው ስላነሰ የአሞኒየሙ ድምር አይሞላም። ስለ ሽንት ወረቀት የተናገርኩትም እዚህ ላይ ይብራራል፦ ሽንቱ በአሞኒየም የበለጸገ ሰው ፒኤቹ 6 ሆኖ ብዙ አሲድ ሲያስወጣ፣ አሞኒየም ያጠረው ኩላሊት ደግሞ ፒኤቹ 5 የሆነ ሽንት እያመረተ አሲድ ያከማቻል።

ምናልባት «ብዙ ተራ ውሃ ብጠጣስ አሲዱን አያጥብልኝም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አያጥብም። የ70 ኪሎ ሰው አካል 42 ሊትር ገደማ ውሃ አለው፤ ከዚህ ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ ነው። የጠጡት ውሃ በዚህ ሁሉ ይሠራጫል፣ ትርፉም በሽንት ይወጣል፤ የአሞኒየም ምርትን ግን አይጨምርም። ውሃ በሕዋስ ግድግዳ የሚያልፍባቸው አኳፖሪን የተባሉ መተላለፊያዎች አሉ፤ ፒተር አግሬ በ1992 ሥራቸውን አሳይቶ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እነዚህ መተላለፊያዎች ውሃን በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሳልፉ ሃይድሮጂን አዮንን ግን ይከለክላሉ። ሃይድሮጂን አዮን ከአንዱ የውሃ ሞለኪውል ወደ ቀጣዩ እየዘለለ መጓዝ ስለሚችል ይህ ክልከላ ቀላል አይደለም፤ ባይኖር ኖሮ ኩላሊት ውሃውን መልሶ ሲወስድ በሽንት ውስጥ በ800 እጥፍ ያከማቸው አሲድ አብሮ ወደ ደም በተመለሰ ነበር። ውሃና አሲድ በኩላሊት የሚመሩት በተለያዩ በሮች ነውና በአንዱ በር የሚገባው ሌላውን አያስወጣም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከመጠን በላይ ውሃ ሶዲየምን አቅጥኖ ራሱን የቻለ አደጋ ያመጣል፤ የሚጠጡትን መጠን ሐኪምዎ ይወስኑልዎ።

ስለ እንክብሉ። የጎደለዎትን ባይካርቦኔት በግምት ለማስላት ከ24 ላይ 18 ቀንሰን በክብደትዎ ግማሽ ስናባዛው 210 ሚሊሞል እናገኛለን፤ በእንክብል ሲሰላ 35 ፍሬ መሆኑ ነው። ይህ ግን በአንድ ጊዜ የሚሞላ ጉድለት አይደለም፤ አሲዱ በየቀኑ ስለሚመጣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በምርመራ እየተከታተሉ ነው የሚስተካከለው። መስተካከሉ የሚያስፈልገውም ሰውነት ኩላሊት ያላወጣውን አሲድ ከአጥንት በሚወስደው አልካሊ ስለሚያጠፋውና የጡንቻ ፕሮቲንም ስለሚሸረሸር ነው። እያንዳንዱ እንክብል 137 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፤ የደም ግፊት ስላለብዎ እግርዎ ካበጠ፣ ክብደትዎ በጥቂት ቀናት ከጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቶሎ ያሳውቁ። መጋገሪያ ሶዳን በማንኪያ እየለኩ በቤት መውሰድ ግን አይገባም፤ መጠኑ ስለማይታወቅ ደምን በተቃራኒው አልካላይን ሊያደርግና ፖታሲየምን ሊያወርድ ይችላል። አትክልትና ፍራፍሬ በሰውነት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት የሚለወጡ ጨዎች ስላሏቸው ጎምዛዛዎቹ እንኳ አልካሊ ይሰጣሉ፤ ሆኖም ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ኩላሊቱ የደከመ ሰው የደም ፖታሲየሙን ሳይለካ አብዝቶ እንዳይመገባቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪምዎን የሚጠይቁት እንግዲህ ይህ ነው፦ ባይካርቦኔቱ ተደግሞ ተለክቷል ወይ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊትና ፒኤች ታይቷል ወይ፣ ፖታሲየሙና አልቡሚኑ ስንት ነው፣ እንክብሉ ከተጀመረ በኋላስ መቼ ይለካል። ከቀጠሮው በፊት ከባድ ሥራ ሳይሠሩ ትንፋሽዎ እየፈጠነና እየጠለቀ ከሄደ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካላቋረጠ፣ ወይም የማደናገርና የመፍዘዝ ስሜት ከመጣ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።